ጊታሩ ውስጥ ያለው ፒያኖ

ኤፕሪል 14 ቀን 1987 (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ የፈጠራ መብት ቢሮ ቁጥሩ 4,656,917 የሆነ የባለቤትነት ማረጋገጫ ሰጠ። ከሰነዱ ጋር የተያያዘውን ሥዕል ያየ ሰው መጀመሪያ ግር ይለዋል። አንድ ሰው ቆሞ ጊታር ይጫወታል፤ ጊታሩ ግን ደረቱ ላይ አልተለጠፈም። ከመሣሪያው ጀርባ የሚዘረጋ ድጋፍ የሰውየውን ገላ ተደግፎ ጊታሩን አጋድሞ ይዞታል፤ ክሮቹ ወደ ላይ ዞረዋል። ሰውየው ሁለቱንም እጆቹን ከላይ አውርዶ የጊታሩን አንገት መንካት ይችላል፤ ገበታ ፊት እንደቀረበ ሰው። የፈጠራው ባለቤት ኤድዋርድ ኤል. ቫን ሄለን ይባላል።

እኔ ይህን ሥዕል ሳይ ፒያኖ ይታየኛል። ስለ ሮክ ጊታሪስቱ ኤዲ ቫን ሄለን የተጻፈው አብዛኛው ነገር ስለ ፍጥነቱና ስለ ጩኸቱ ነው፤ ችሎታው ከሰማይ ዱብ እንዳለ አድርገው የሚያወሩም አሉ። እኔ ግን እጆቹ የት እንዳደጉ ማወቅ እፈልጋለሁ። እነዚያ እጆች ጊታር ከመንካታቸው በፊት ለዓመታት ፒያኖ ላይ ኖረዋል፤ ፒያኖውም እንዲሁ የተገኘ ዕቃ ሳይሆን ውቅያኖስ ተሻግሮ የመጣ የቤተሰብ ንብረት ነው።

መጀመሪያ ግን የእጆቹን ነገር ላስረዳ። ክራር ላይ እያንዳንዱ ድምፅ የራሱ ክር አለው። ጊታር በስድስት ክር ብዙ ድምፅ ማውጣት ስላለበት አንገት ያስፈልገዋል። የግራ እጅ ጣቶች አንገቱ ላይ ክሩን እየተጫኑ ያሳጥሩታል፤ ክሩ ባጠረ ቁጥር ድምፁ ይቀጥናል። ቀኝ እጅ ደግሞ ያንኑ ክር ይመታል። ግራው ይመርጣል፣ ቀኙ ያሰማል። ፒያኖ ላይ እንዲህ ያለ የሥራ ክፍፍል የለም። አሥሩም ጣቶች እኩል ናቸው፤ እያንዳንዱ ጣት አንዱን ቁልፍ ሲጫን ድምፁን መርጦም አሰምቶም ይጨርሳል።

ኤዲ ያደረገው ቀኝ እጁን ከቦታው አንሥቶ አንገቱ ላይ ግራው አጠገብ ማምጣት ነው። የቀኝ እጁ ጣት ክሩን አንገቱ ላይ መታ ያደርጋል፤ በዚያው ምት ድምፁ ተመርጦ ይሰማል። ጣቱ ሲነሣ ክሩን ቆንጠር አድርጎ ይለቀዋል፤ ያኔ ቀድሞ ታች የተጫነው የግራ ጣት ድምፅ ይወጣል። ይህ ሲደጋገም ድምፆቹ እንደ ፏፏቴ ይወርዳሉ። ሙያው ታፒንግ ይባላል። የመጀመሪያው ሰው እሱ አልነበረም፤ ለምሳሌ እንግሊዛዊው ጊታሪስት ስቲቭ ሃኬት በ1970ዎቹ መጀመሪያ ይጠቀምበት ነበር። ኤዲ ራሱ ሐሳቡ የመጣልኝ ጊታሪስቱ ጂሚ ፔጅ በአንድ እጁ ብቻ ክሩን እየቆነጠረ ሲጫወት አይቼ ነው ብሏል። ያን ቀን ጂሚ ፔጅን ያየ ሰው ብዙ ነው። ሌላውን እጅ እዚያው መጨመር የታየው ግን ሁለት እጅ አንድ ሥራ ሲሠራ ለለመደ ልጅ ነው።

አባትየው ያን ቫን ሄለን በ1920 አምስተርዳም የተወለደ የክላርኔትና የሳክስፎን ተጫዋች ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከኦርኬስትራ ጋር ወደ ኢንዶኔዥያ ተሻገረ። አገሪቱ ያኔ ምጥ ላይ ነበረች። ኦገስት 17 ቀን 1945 ነፃነቷን አውጃለች፤ ቅኝ ገዥዋ ሆላንድ ግን እስከ 1949 መገባደጃ ድረስ አልተቀበለችውም። ሙዚቀኛው ዩጄኒያ ቫን ቤርስን ያገኛት እዚያ ነው። እሷ በጃቫ ደሴት ራንካስቢቱንግ በምትባል ከተማ የተወለደች፣ የኢንዶኔዥያና የአውሮፓ ደም የተቀላቀለባት ክልስ ነበረች። እንዲህ ያሉትን ሰዎች «ኢንዶ» ይሏቸዋል። በ1950 ተጋቡ።

የኢንዶዎች ዕጣ ከባድ ነበር። ለአዲሲቱ ኢንዶኔዥያ የቅኝ ገዥው ወገን ናቸው፤ ለሆላንድ ደግሞ መልካቸው የማይመስል እንግዶች። ከ1945 በኋላ ባሉት ሃያ ገደማ ዓመታት ወደ 300 ሺህ የሚጠጋ ሰው ከኢንዶኔዥያ ወደ ሆላንድ ገባ። ብዙዎቹ ያቺን አገር አይተዋት አያውቁም ነበር። ከእነሱም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩት እንደገና ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ አሜሪካ፣ በተለይ ወደ ካሊፎርኒያ ተሻገሩ። ቫን ሄለኖችም በዚሁ መንገድ ሄዱ። ታላቅ ወንድሙ አሌክስ በ1953፣ ኤዲ ጃንዋሪ 26 ቀን 1955 አምስተርዳም ተወለዱ፤ የልጅነት ቤታቸው ግን ናይሜኸን የምትባል ከተማ ነበረች። እናታቸው እዚያ በመልኳ ምክንያት እንደ ሁለተኛ ዜጋ ትታይ ነበር።

ሰነዱ ላይ ያለችው «ኤል.» ሎደዋይክ ለሚለው ስም ናት። ሎደዋይክ በሆላንድኛ ሉድቪግ ማለት ነው። ልጁን በቤትሆቨን ስም ጠሩት። አባት ማታ ማታ በዳንስ ቤት እየነፋ የሚያድር ሙዚቀኛ ነው፤ ለልጁ ያወጣለት ስም ግን የኮንሰርት አዳራሽ ስም ነው። እናትም አሳቧ እዚያው ነበር። የባሏን ኑሮ አይታዋለች፦ ሥራው ዛሬ አለ፣ ነገ የለም፤ መጠጡ ቅርብ ነው፤ ገንዘቡ አይበረክትም። እኛ ዘንድ «ልጄ አዝማሪ ሆኖ ሊቀር ነው» ብላ የምትሰጋ እናት ስጋቷን ታውቀዋለች። ልጆቿ ሙዚቀኛ ከሆኑ አይቀር ሱፍ ለብሰው ፒያኖ ፊት የሚቀመጡ የተከበሩ ሰዎች ይሁኑ አለች።

በ1962 አራቱም መርከብ ተሳፈሩ። ጉዞው ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ኤዲ ደጋግሞ እንደተናገረው ይዘውት የመጡት ሀብት 50 ዶላር ገደማና አንድ ፒያኖ ነው። አገሩን ለቆ የሄደ ሰው ያውቀዋል፦ የሚያዘው ነገር በኪሎ ይመዘናል፤ እያንዳንዱ ዕቃ ሌላውን አስወጥቶ ነው የሚገባው። ኪሱ ባዶ የሆነ ቤተሰብ ያንን የሚያህል የእንጨትና የብረት ሸክም ሲጭን ምን እየተማመነ እንደነበር አስቡት። መርከቡ ላይም አባትና ልጆች ለተሳፋሪው ተጫወቱ።

ከሎስ አንጀለስ አጠገብ ፓሳዲና ገቡ። ከሌሎች ቤተሰቦች ጋር ተዳብለው ኖሩ። እናትየው የሰው ቤት ሠራተኛ ሆነች፤ አባትየው በቀን ዕቃ ያጥባል፣ ሕንፃ ያጸዳል፣ በምሽትና በሳምንት መጨረሻ ሠርግ ላይ ይጫወታል። እንግሊዝኛ የማይችለው የሰባት ዓመቱ ኤዲ ትምህርት ቤት ሲገባ ከነጮቹ ልጆች የደረሰበትን አልረሳውም፤ የቤት ሥራውን ይቀዳድዱበት ነበር። የቀረቡትና ጓደኛ የሆኑት ጥቁር ልጆች ነበሩ። ይህን በ2015 በስሚዝሶኒያን ሙዚየም ተጋብዞ ስለ ስደተኛነቱ ሲናገር በስልሳ ዓመቱ አነሣው።

ቤት ውስጥ ፒያኖው ጠብቆታል። ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ አንድ አዛውንት አስተማሪ ነበሩ። ልጁ ግን አስተማሪው የማያውቁት አንድ ምስጢር ነበረው፤ ኖታ ማንበብ አይወድም፣ በቅጡም አልተማረም። አስተማሪው ቁራጩን ሲጫወቱ ጣቶቻቸውን አፍጥጦ ያያል፣ በጆሮው ይይዘዋል፣ ከዚያ ኖታው ላይ ዓይኑን ተክሎ የሚያነብ መስሎ ይመልሰዋል። እንዲህ እያደረገ በሎንግ ቢች ከተማ በሚካሄድ የፒያኖ ውድድር ደጋግሞ አንደኛ ወጣ። እኔ ከሕይወቱ ሁሉ ይህችን ትንሽ ማታለል እወዳታለሁ። ሙዚቃ ለእሱ በዓይን ከወረቀት የሚለቀም ነገር አልነበረም፤ ከሌላ ሰው ጣት ወደ እሱ ጣት በጆሮ በኩል የሚሻገር ነገር ነው። አባቱም ክላርኔቱን ሲነፋ ቤቱ ውስጥ የሚሆነው ይኸው ነበር።

ወደ ጊታር የመጣው ተገፍቶ ነው። ኤዲ ድራም ገዛ፤ የዱቤውን ዕዳ ለመክፈል ጠዋት ጠዋት ጋዜጣ ያድላል። ጊታር የሚማረው አሌክስ ነበር። ታናሽ ጋዜጣ ሲያድል ታላቅ ድራሙ ላይ ይቀመጣል። አንድ ቀን ኤዲ ተመልሶ ሲመጣ አሌክስ በልጦት አገኘው። ተናደደ፣ «እንግዲያው ጊታርህን እኔ እወስዳለሁ» አለ፣ ወሰደም። ወንድማማቾቹ ከዚያ በኋላ ቦታ አልቀየሩም። ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል አንዱ ከኋላ ድራም፣ አንዱ ከፊት ጊታር። የሮክ ታሪክ የተወሰነው በጋዜጣ አዳይ ልጅ ንዴት ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት አልጋ ጫፍ ላይ አለፉ። አሌክስ አምሮበት ከቤት ሲወጣ ኤዲ አልጋው ጫፍ ላይ ጊታሩን ይዞ ተቀምጧል፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሲመለስ እዚያው እንደተቀመጠ ነው። አጠገቡ ግን የቢራ ጣሳ ነበር። ይህ አብሮ መነገር አለበት። አባትየው ልጆቹን እየያዘ በሠርግና በክበብ ግብዣ ላይ ያጫውታቸው ነበር፤ ልጁ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነው መንቀጥቀጡ እንዲለቀው ብሎ ቮድካና ሲጋራ የሰጠው ይኸው አባት ነው። በክፋት አልነበረም። እሱ ራሱ መድረክ የሚወጣው በዚያ ነው፤ የሚያውቀውን አወረሰው። ኤዲ መጠጡን የተወው በ2008 ነው፤ ከአራት ዐሥርት ዓመታት በኋላ።

ወንድማማቾቹ ያቋቋሙት ባንድ ስሙን ሲቀያይር ቆይቶ፣ ማሞዝ ከተባለ በኋላ፣ በ1974 ቫን ሄለን ሆነ። ዘፋኙ ዴቪድ ሊ ሮዝ የድምፅ ማጉያ እያከራያቸው ቀርቦ የገባ ነው። በፓሳዲና ሰው ግቢ እየተጫወቱ ፖሊስ ሲበትናቸው፣ ሎስ አንጀለስ ክለቦች ውስጥ ሲያመሹ ዓመታት ሄዱ። በዚያን ጊዜ ኤዲ ያችን የሁለት እጅ ሙያ ሲያሳይ፣ ሌሎች ጊታሪስቶች እንዳይቀዱት ለተመልካች ጀርባውን ይሰጥ ነበር።

መሣሪያውም እንደ ቤተሰቡ ክልስ ነው። የሚፈልገውን ድምፅ የሚያወጣ ጊታር ሱቅ ውስጥ አጣ፤ ስለዚህ ጉድለት ያለበትን የእንጨት አካል በ50 ዶላር፣ አንገቱን በ80 ዶላር ገዛ፤ ከሌላ ብራንድ ጊታር የነቀለውን ድምፅ ተቀባይ ማግኔት አካሉን ፈልፍሎ አስገባበት። እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ላሳያችሁ። ማግኔቱ ዙሪያ በጣም ቀጭን የመዳብ ሽቦ በሺህ ጊዜ ተጠምጥሟል። ማጉያው ሲጮህ ሽቦው ራሱ ይንቀጠቀጥና ጆሮ የሚሰነጥቅ ፉጨት ያመጣል። ኤዲ ሰም አቅልጦ ማግኔቱን ነከረው፤ ሰሙ በሽቦው መሐል ገብቶ ሲደርቅ ሽቦው ጸጥ አለ። እስኪሳካለት ድረስ ስንቱን አቅልጦ አበላሽቷል። ከዚያ ወረቀት ፕላስተር እየለጠፈ በብስክሌት ቀለም ቀባው፤ መጀመሪያ ነጭና ጥቁር፣ በኋላ ቀይ ጨመረበት። ፍራንከንስታይን አለው።

ፌብሩዋሪ 1978 የመጀመሪያው አልበም ወጣ። ውስጡ «ኢራፕሽን» የሚባል ያለ ዘፈን፣ 1 ደቂቃ ከ42 ሰከንድ የሚፈጅ የጊታር ቁራጭ አለ። ለመድረክ ጣቱን ሲያፍታታ የሰሙት የስቱዲዮ ሰዎች ካልቀዳነው ብለው የገባ ነው። መጨረሻው ላይ ሁለቱ እጆች አንገቱ ላይ ይገናኛሉ። ያኔ የሚሰማው የድምፅ ቅደም ተከተል የሮክ አይመስልም፤ የፒያኖ ተማሪ በልጅነቱ የሚደጋግመው የክላሲካል መልመጃ ይመስላል። ብዙ ወጣት ያንን ሰምቶ በአንድ ሰው እጅ መሆኑን ማመን አቃተው።

ኦገስት 29 ቀን 1980 ባንዱ ሉዊዚያና ውስጥ ሽሪቭፖርት ከተማ ተጫወተ። ቫለሪ በርቲኔሊ ያኔ ሃያ ዓመቷ ነው፤ አሜሪካ በሙሉ ከአሥራ አምስት ዓመቷ ጀምሮ በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ሲያሳድጋት የኖረች፣ የጣሊያን ዘር ያላት ልጅ። ቤተሰቧ እዚያች ከተማ ይኖር ነበር። ቡድኑን የሚወዱት ወንድሞቿ ነበሩ፤ መድረክ ጀርባ ለመግባት ደግሞ የእሷ ስም ያስፈልጋል። ይዛ የሄደችው ገጸ በረከት ኤም ኤንድ ኤም የሚባለው ባለ ቀለም ከረሜላ ነው። ስጦታው ያለ ምክንያት አልነበረም። ባንዱ ከአዳራሽ ባለቤቶች ጋር ይፈራረመው በነበረው ውል ውስጥ ቡናማው እየተለቀመ ይውጣልን የሚል አንቀጽ ነበር፤ ቡናማ ካገኙ ውሉን ያነበበ የለም ማለት ነበር፣ የመድረኩ ብረትና መብራትም ያሠጋል።

ዓይን አፋር ነበር ትላለች ቫለሪ። ሰው የጠበቀው ሌላ ነው፤ ሺዎችን የሚያስጮህ ሮከር። አቀማመጡ ግን ያው አልጋው ጫፍ ላይ የነበረው ልጅ ነው፣ ጊታር በእጁ ከሌለ የሚናገረው የሚጠፋው። ኤፕሪል 11 ቀን 1981 ሎስ አንጀለስ ውስጥ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ተጋቡ። ከተዋወቁ ስምንት ወር አልሞላቸውም። ጋዜጦች ለየቅል ናቸው ብለው ጻፉ፤ የአገር ልጅ የምትባለው ጨዋ ተዋናይትና ረጅም ጸጉሩ ጊታሪስት። እኔ ግን ሳያቸው የሚመሳሰሉበት ይበዛብኛል። ሁለቱም ልጅነታቸውን ሥራ በልቶታል። ሁለቱም ከትልቅ ሰው በፊት ደመወዝ ያገኙ፣ ሁለቱም ቤት ማለት ቤተሰብ የሚንጫጫበት ቦታ መሆኑን የሚያውቁ ናቸው።

በተጋቡ በዓመቱ ኤዲ አንድ ነገር አደረገ። በ1982 «ዳይቨር ዳውን» አልበም ላይ ከ1920ዎቹ የመጣ አንድ የቆየ የጃዝ ዘፈን ሊጫወቱ ነበር። ክላርኔት ያስፈልጋል። አባቱን ጠራ። አባትየው አንድ ጣቱ በአደጋ ተጎድቶ መሣሪያውን ካስቀመጠ ቆይቶ ነበር፤ ስቱዲዮ ሲገባ ተጨንቋል። የሮክ አድማጭ የማይጠብቀውን ያንን ቁራጭ ስሰማ ክላርኔቱ ይጨፍራል፣ ትንሽ ይንገዳገዳል፣ ይመለሳል። ከኋላው ልጆቹ ናቸው። ሠርግ ቤት አብረውት የተቀመጡት ልጆች አሁን እሱን ይዘውታል። አባትየው በ1986 ዲሴምበር ላይ በ66 ዓመቱ ሞተ።

የእናትየው ፒያኖም አልቀረም። ኤዲ በ1983 ከቤቱ አጠገብ 5150 ያለውን ስቱዲዮ ሠራ፤ ቫለሪ ከመኝታ ቤቷ ወጥታ ግቢ ስትሻገር የምታገኘው ሕንፃ ነው። እዚያ ከተቀዱት የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ «ጃምፕ» ነው። ኤዲ ዜማውን ከዓመታት በፊት በኪቦርድ ሠርቶት ነበር፤ ጓደኞቹ ጊታሪስት ኪቦርድ ምን ያደርግለታል ብለው ገፉት። እሱ አልተወውም። በ1984 ፌብሩዋሪ ላይ የአሜሪካ አንደኛ ሆነና አምስት ሳምንት ቆየ። ባንዱ በነጠላ ዜማ ሠንጠረዥ አንደኛ የወጣበት ብቸኛ ሥራ ነው። በዘመኑ ጊታሪስቶች ሁሉ ላይ የነገሠው ሰው አንደኛ የወጣው አሥሩንም ጣቶቹን ቁልፍ ላይ አሳርፎ ነው።

ማርች 16 ቀን 1991 ወንድ ልጅ ወለዱ። ቮልፍጋንግ አሉት፤ በሞዛርት ስም። በቤትሆቨን የተጠራው ልጅ የራሱን ልጅ በሞዛርት ጠራ። በዚያው ዓመት አልበም ላይ ለስለስ ያለ የጊታር ቁራጭ አለ፤ ርእሱ «316» ነው፣ የልጁ የልደት ወርና ቀን።

ትዳሩ ግን አልጸናም። መጠጡ፣ ስቱዲዮ ውስጥ የሚያልቁት ሌሊቶች፣ የሁለቱም ጥፋት፤ ቫለሪ በ2008 በጻፈችው መጽሐፍ የራሷንም አልደበቀችም። በ2000 የምላስ ካንሰር ያዘው። በ2001 ተለያዩ፣ በ2007 ተፋቱ። በ2009 ኤዲ ጄኒ ሊሼቭስኪን ሲያገባ ሚዜው ልጁ ቮልፍጋንግ ነበር፤ ቫለሪም ከታዳሚዎቹ መካከል ተቀምጣለች። ይህን ለመጻፍ ቀላል ነው፤ ለመቀመጥ ግን ቀላል አይመስለኝም። ከሃያ ዓመት ትዳር የተረፈውን ሁለቱ እንዴት እንደያዙት ያየሁት በዚህ ነው። ኦክቶበር 6 ቀን 2020 ኤዲ ሳንታ ሞኒካ ከተማ ባለ ሆስፒታል ውስጥ በ65 ዓመቱ ሲያርፍ ባለቤቱ፣ ወንድሙ፣ ልጁና ቫለሪ አልጋው ዙሪያ ነበሩ።

ቮልፍጋንግ ከአሥራ ስድስት ዓመቱ ጀምሮ በአባቱ ባንድ ቤዝ ጊታር ይጫወት ነበር፤ አባት፣ አጎትና ልጅ በአንድ መድረክ። በ2021 የራሱን አልበም ሲያወጣ ማሞዝ ብሎ የአባቱን የወጣትነት ባንድ ስም አነሣ፤ ድራሙንም፣ ቤዙንም፣ ጊታሩንም፣ ድምፁንም ብቻውን ቀዳ። በ2023 ሁለተኛው አልበሙ ላይ «ቴክ ኤ ባው» ለሚለው ዘፈን ፍራንከንስታይንን ከሣጥኑ አወጣት። ቀለሟ ተላልጧል፣ ማግኔቷ ሰም ጠጥቷል። 5150 ስቱዲዮ ውስጥ ከአባቱ አሮጌ ማጉያ ጋር አገናኝቶ ሶሎውን በእሷ ተጫወተ።